በሴት በኩል የሚቆለፍ ኮት

እናንተ ወገቡ የተሰበሰበ ኮት ደርባችሁ፣ አንገታችሁ ላይ ለስላሳ ጨርቅ እንደ ቢራቢሮ አስራችሁ፣ የጽጌረዳ ቀለም ገበራችሁን ለነፋስ እየገለጣችሁ መንገድ የምታጣብቡ ወንዶች! ያን ወገብ ማን እንደ ሰበሰበላችሁ አንድ ቀን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

አታውቁም። መስታወት ፊት ትቆማላችሁ፣ ዞር ዞር ትላላችሁ፣ «አማረብኝ» ትላላችሁ፣ በቃ። ያው ወገብ ቀሚስ ላይ ሳለ ቅብጠት ነበር። ያው ገበር የሴት ኮት ውስጥ ሳለ «የሴት ነገር» ተብሎ ተስቆበታል። ወንድ ትከሻ ላይ በወጣ ማግስት ጥበብ ተባለ፣ ተሸለመ፣ ጋዜጣ ላይ ወጣ። እሺ፣ ጥበብ ይሁን። ጥበበኛዋ የት ናት?

ያን ቅዳሜ ጠዋት ጥበበኛዋ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል፣ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ፣ የሚዜ ቀሚስ እጅጌ ትገጥም ነበር። ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ ጥቁር የወንድ ኮት በሚስማር ተሰቅሏል። ከተሰቀለ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ቀና ባለች ቁጥር ታየዋለች፤ ባየችው ቁጥር መርፌው ጣቷን ይወጋታል።

«እሳት» አለቻት አክስቷ ከመተኮሻው ጠረጴዛ። ስሙን ያወጣችላት ገና በልጅነቷ፣ ቁጣዋን አይታ ነው። ቀሚስ ሰፊነቱንም ያስተማረቻት እሷ ናት። «ይሄን ኮት ወይ ስፊው ወይ ቅበሪው። ሬሳ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚውል ሰው አይቼ አላውቅም።»

«አልነካውም።»

«አይነክስሽም፣ ጨርቅ ነው።»

«የላከው እሱ ነው።»

«እሱ ሲልከው ጥርስ አወጣ? ሰባት ወር እዚህ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ እኮ ስፌት መማሩ ነው ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስፌት የሚማር ሰው መርፌውን ያያል እንጂ የአስተማሪውን አንገት ያያል ወይ ብዬ ዝም አልኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ።»

«አክስቴ!»

«ዝም አልኩ አልኩሽ እኮ!»

ልጅቷ እጅጌውን ወደ መርፌው ገፋችው። መኪናዋን ረገጠች፤ የመኪናው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ልቧን ግን ሊሸፍንላት አልቻለም።

*

እሱ የትልቁ ቤት ልጅ ነው። ትልቁ ቤት በዋናው መንገድ ላይ፣ የመስታወት በር ያለው የወንዶች ሙሉ ልብስ ስፌት ነው። አባቱን ከተማው «ጋሽ ትከሻ» ይለዋል። የሰፋው ኮት ትከሻ እንደ ሣጥን ጠርዝ ቀጥ ያለ ነውና ስሙ በክብርም በቀልድም ጸንቶ ቀረ። ጋሽ ትከሻ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሕግ ነበረው፤ ሴት የመቁረጫውን ክፍል ደፍ አትረግጥም። «ሴት የቆረጠችው ኮት ትከሻ የለውም» ይላል። የእሱም ሆነ የቀሚስ ሰፊዋ ክፍል መርፌው አንድ ዓይነት ነው፣ ክሩም ከአንድ ሱቅ ነው የሚገዛው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን በእግር አሥር ደቂቃ፣ በኑሮ አንድ ዕድሜ ነበር።

ልጁ መንገዱን የተሻገረው በአንዲት ቀሚስ ምክንያት ነው። ቀሚሷን የለበሰችው ሴት በመስታወቱ በር ፊት ስታልፍ ጨርቁ ከወገቧ ላይ እንደ ውሃ ሲወርድ አየ። ሱቁን ጥሎ ወጥቶ «ማን ሰፋልሽ?» ብሎ ጠየቃት። በዚያው ዕለት ቀሚስ ሰፊዋ በር ላይ ቆመ።

«ወንዶቻችንን ሣጥን ነው የምናለብሳቸው» አላት። «ከሣጥኑ ላወጣቸው እፈልጋለሁ።»

«እኔን ታዲያ ሣጥን ሰባሪ አድርገህ ነው የመጣኸው?»

«መቀስ የያዘች ሰው አድርጌ ነው የመጣሁት።»

ልታስወጣው አስባ ነበር። በርጩማውን በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር፣ አንድ የወንድ ኮት በጋራ። እሱ ትከሻውን ያውቃል፤ እሷ ወገቡን። እሱ ኪስ ይገጥማል፤ እሷ ጨርቁን ከጎን ቆንጥራ በተሰወረ ስፌት ታስገባዋለች። ከትከሻው ውስጥ ሣጥን የሚያስመስለውን መደገፊያ አወጣች። ለአንገቱ ክራባት ሳይሆን ከራሱ ከኮቱ ጭስማ፣ ግራጫ ጨርቅ የተቆረጠ ለስላሳ ማሰሪያ አደረገችለት። ገበሩን ለሙሽሮች ከምታስቀምጠው ጽጌረዳማ ሳቲን ቆረጠች። መጀመሪያ ወገቡን የለካችው ዕለት ሜትሩ ሁለት ጊዜ ከእጇ ሾለከ።

«ትንፋሽህን ለምን ያዝክ?» አለችው፣ ቀና ሳትል።

«ልኩ እንዳይበላሽ።»

«ተንፍስ። የምለካው ስትተነፍስ ነው። መተንፈስ የማይቻልበት ልብስ እኔ አልሰፋም፤ እሱ የአባትህ ሥራ ነው።»

ሳቀ፤ ሲስቅ ሜትሩ ላላ፤ ሜትሩ ሲላላ ዓይኗ ዓይኑ ላይ ወደቀ። ቁጥሩን ተሳስታ ጻፈችው። እሱም መሳሳቷን አይቶ አላረማትም።

የመጨረሻው ቀን ላይ ነው ጥፋቱ የመጣው። ነገሩ ለሰፊ ካልሆነ ለማንም የማይታይ ነው፤ የወንድ ኮት የቁልፍ ቀዳዳው በግራ በኩል ይሆናል፣ የሴት በቀኝ። እጇ ሃያ ዓመት የለመደውን አደረገ። ሦስቱንም ቀዳዳ በቀኝ በኩል ቀደደቻቸው። ስታየው ጮኸች። የተቀደደ ጨርቅ አይመለስም፤ ሌላ ጨርቅም የለም፤ ኮቱ የሚወዳደርበት የሰፊዎች ማኅበር ኤግዚቢሽንም በማግስቱ ነው።

እሱ ኮቱን ወስዶ ለበሰ። ለመቆለፍ ጣቶቹ ተንከራተቱ፤ እንደ ሕፃን ግራ ገባው። ከዚያ ቀስ ብሎ አገኘው።

«ተዪው» አላት። «እንዲህ ሲሆን አንቺ ፊት ለፊቴ ቆመሽ የምትቆልፊልኝ ነው የሚመስለኝ።»

ያን ዕለት ሲወጣ በሩን መዝጋት ረሳ። እሷም ሳትዘጋው አመሸች።

*

ኮቱ አንደኛ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ጋዜጣው እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ወጣቱ ሰፊ የሴቶችን ልስላሴ ለወንዶች አቀዳጀ፤ ቁልፉንም በድፍረት አዞረው።»

በድፍረት! የእሷ ስህተት በእሱ ደረት ላይ ሲቆለፍ ድፍረት ሆነ። ከጽሑፉ በላይ ፎቶግራፉ አለ፤ ልጁ ጭስማውን ኮት ለብሶ፣ የጋሽ ትከሻ እጅ ትከሻው ላይ አርፎ። ጋዜጣውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የሳቲኑ ቀለም ተጽፏል። የአዳራሹ አበባ ተጽፏል። የእሷ ስም የለም።

እሱ አልመጣም። በአምስተኛው ቀን የትልቁ ቤት ዘበኛ ይህን አሮጌ ጥቁር ኮት በክንዱ ይዞ መጣ። «ልጁ ነው የላከኝ። አንገቱን እዪው ብሎሻል» አለና ሄደ።

ኪሶቹን በረበረች። ሁለቱ የጎን ኪሶች ባዶ ናቸው። ደብዳቤ የለም፣ ቁራጭ ወረቀት የለም። ከሽልማቱ በኋላ የመጣላት ቃል ይሄ ነው፤ አንገቱን እዪው! ኮሌታው ያረጀ ኮት ጠግኚ ማለት አይደል? ስሟን ወስዶ ጥገና ላከላት! ያኔ ነው ሚስማር መትታ የሰቀለችው።

ይኸው አሥራ አንደኛ ቀኑ። ቀትር ካለፈ በኋላ አክስትየው ትዕግሥቷ አለቀና ኮቱን ከሚስማሩ አወረደችው።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ልተኩሰው ነዋ። የጠላሽውን ሰው ኮት ቢሆንም ተጨማዶ አይመለስም። ለእኛ ስም ነው።» ካውያውን ደረቱ ላይ አሳረፈች፤ ወዲያው አነሣችው። «እሳት! ይሄ ኮት ይናገራል።»

«ምን?»

«ደረቱ ላይ ወረቀት ይንኮሻኮሻል።»

ቀሚስ ሰፊዋ ተነሥታ እጇን በኮቱ ውስጠኛ ወገን ሰደደች። ከግራው ጡት በታች፣ ገበሩ ላይ፣ ጠባብ ኪስ አለ። የውስጥ ኪስ! ለሃያ ዓመት ስንት የሴት ኮት ሰፋች፤ አንድም የውስጥ ኪስ ገጥማ አታውቅም። እንዲገጠም ያዘዘም የለም። ሴት ልቧ አጠገብ የምታኖረው ነገር እንደሌላት ማን እንደ ወሰነ አይታወቅም፤ ተወስኖ ግን ተቆርጦ ተሰፍቷል። የጋራ ኮታቸው ላይ እንኳ ኪሱን የገጠመው እሱ ነው። እሱም የወንድ ልብስ ሰፊ ነውና ኮት ያለ ውስጥ ኪስ ይኖራል ብሎ አላሰበም፤ እሷም የቀሚስ ሰፊ ናትና ኪስ አለ ብላ አልፈለገችም። አሥራ አንድ ቀን በዚች የእጅ መዳፍ በምታህል ጨርቅ ምክንያት ሄደ።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ጋዜጣው የወጣ ዕለት ወደ አንቺ ስሮጥ አባቴ በሩ ላይ ቆመ። ‹ስሟን ብታነሣ ስምህን ከዚህ ቤት አነሣለሁ› አለኝ። ከበሩ መባረሩን አልፈራሁም። የፈራሁት ሳላስፈቅድሽ ስምሽን የሰው አፍ ውስጥ መጣል ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በስምንት ሰዓት በሰፊዎች ማኅበር አዳራሽ ሽልማቱን ስቀበል እንድናገር ይጠይቁኛል። ከመጣሽ እናገራለሁ። ካልመጣሽ ስምሽ ከእኛ ጋር እንዲነሣ አልፈለግሽም ብዬ ዝም እላለሁ።

ይህ ኮት የቤታችንን ስም ያወጣው የመጀመሪያው ኮት ነው። ከሱቁ ማሳያ መስኮት አውርጄ ላክሁልሽ። የአንገቱን ሥር ፍቺና ስፌቱ ወዴት እንደሚያዘነብል እዪ። በቤታችን በግራ እጁ የሚሰፋ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ቁልፉን አሁንም አልለመድሁትም። እንዳልለምደው እፈልጋለሁ።»

የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበች። ጉንጯ ጋለ። ከዚያ መካከለኛውን መስመር አነበበችና ጉንጯን ያጋለው ነገር ተለወጠ።

«ካልመጣሽ ዝም እላለሁ?» አለች። «ካልመጣሽ! ሰባት ወር የሠራሁትን ሠራች ለማለት እኔ ከፊቱ መቆም አለብኝ? የእሱ ስም ሲነሣ እሱን ማን አስፈቀደው?»

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች አክስትየው።

«ሰባት አልፏል።»

«እንግዲያው እዚያው ሄደሽ ተቆጪው። ቁጣ ሲውል ይበላሻል።»

ምላጭ አነሣች። የአንገቱን ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈታችው። ከጨርቁ በታች አንገቱን የሚያቆመው ጠጉራማ መደገፊያ ጨርቅ አለ፤ በላዩ ላይ አንገቱን ቅርጽ ያስያዙት በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ስፌቶች፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላም አንዱ ከአንዱ ሳይዛነፍ ተሰልፈዋል። በቀኝ እጅ የሚሰፋ ሰው ስፌቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እነዚህ ወደ ሌላው ያዘነብላሉ።

እጇ ቆመ። ይህን ስፌት ታውቀዋለች። ከሦስት ወር በፊት የጋሽ ትከሻ ባለቤት፣ የልጁ እናት፣ ቀሚስ ልታስለካ መጥታ ወረፋ ስትጠብቅ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ጠርዝ አንሥታ ሳትጠየቅ ሰፍታው ነበር። በግራ እጇ። ስፌቱ ከማማሩ የተነሣ ቀሚስ ሰፊዋ «እትዬ፣ ሰፊ ነዎት እንዴ?» ብላት ነበር። ሴትየዋም መርፌውን ቶሎ አስቀምጣ፣ «አይ ልጄ፣ እኔ የሰፊ ሚስት ነኝ» አለቻት።

ቀሚስ ሰፊዋ ኮቱን በክንዷ ላይ አደረገችው። የክፍሏን በር ስትወጣ ቁጣ ብቻ አልነበረም ይዛ የወጣችው፤ ግን ከቁጣ ሌላ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበራትም።

*

አዳራሹ በሰፊዎች ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ ጋሽ ትከሻ የማኅበሩን ሊቀ መንበር ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ልጁ ጭስማውን ኮት ለብሶ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሟል፤ ሽልማቱ በእጁ ነው፤ ዓይኑ ግን በሩ ላይ። እናቱ ከኋለኛው ረድፍ፣ ጥግ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

በሩ ተከፈተ። ልጁ አያት። ሰው ሁሉ ፊቱ ሲበራ አየና ምን እንዳየ ለማየት ዞረ።

«ይህን ኮት» አለ ልጁ፣ ድምፁ ሳይስተካከል፣ «ብቻዬን አልሰፋሁትም። ወገቡን የሰፋችው እሷ ናት። ትከሻውን ያላላችው እሷ ናት። ገበሩን የመረጠችው፣ ቁልፉን በድፍረት ያዞረችው...»

«ተሳስቼ ነው!» አለች ቀሚስ ሰፊዋ ከበሩ።

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ በመካከለኛው መተላለፊያ መራመድ ጀመረች።

«ድፍረት አልነበረም። እጄ የለመደውን ነው የቀደድኩት። ድፍረቱ የእሱ ነው፤ ስህተቴን ለብሶ ወጣ። የእሱን ድርሻ አልወስድበትም። የእኔንም አልተውለትም!» መድረኩ ሥር ደርሳ ቀና ብላ አየችው። «ባልመጣስ? ዝም ልትል ነበር?»

ማይክሮፎኑ ሁሉንም እየሰማ ነው። ልጁ ፊቱ ደም ለበሰ።

«ነበር» አለ። «ለአንቺ የተጠነቀቅሁ መስሎኝ ነበር። ለራሴ ነው የተጠነቀቅሁት። ከዛሬ ጀምሮ ብትኖሪም ባትኖሪም፣ ብትቆጪኝም ብትተዪኝም የሠራሽውን እናገራለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያለውንም ማይክሮፎኑ ለሁሉም አደረሰው። «ብትተዪኝ ግን አልወድም። እወድሻለሁ።»

ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ ሰፊ «ወይ ጉድ! ይሄንን በልኬት ሰዓት ነበር ማለት» አለ። ሳቁ እንደገና ተነሣ። ቀሚስ ሰፊዋ ሳቅ ሊያሸንፋት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ዓይኗ ግን አስቀድሞ መልስ ሰጥቶት ነበር፤ እሱም መልሱን አይቶ ሽልማቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠው፣ እጁ ባዶ እንዲሆንለት።

ጋሽ ትከሻ ተነሣ። ማይክሮፎኑን ከልጁ ፊት ነጠቀ።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል!» አለ። «አባቶቻችን ዝም ብለው አልተናገሩም። ልጄ ታሟል፤ የቀሚስ በሽታ ይዞታል። ዛሬ ወገብ፣ ነገ ዳንቴል! ጉባኤው ይስማኝ። በእኔ ቤት ሠላሳ ዓመት ሴት ኮት ላይ መርፌ አሳርፋ አታውቅም። አንድም! ይህ በቃለ ጉባኤ ይጻፍልኝ!»

ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ።

ልጁ ከመድረኩ ዘሎ ወረደና ከቀሚስ ሰፊዋ ጎን ቆመ። አልነካትም፤ ትከሻው ግን ትከሻዋ ዘንድ ነበር። እሷ አሮጌውን ጥቁር ኮት ከክንዷ አውርዳ በመድረኩ ጠርዝ ባለው በሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

ጋሽ ትከሻ አወቀው። ከመስኮቱ የጠፋው ኮቱ ነው። እጁ ሊያነሣው ተዘረጋ፤ እሷ ግን ቀድማ የተፈታውን አንገት ገለበጠችው።

«ጋሼ» አለችው። «ከመጻፉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስምዎን ያወጣው ኮት ይሄ ነው?»

ጋሽ ትከሻ ማይክሮፎኑን ከአፉ አራቀ።

«እሱ ነው» አለ ከፊት ያለው ሽማግሌ ሰፊ። «እኔ እንኳ አውቀዋለሁ። የዚህ አንገት እንዴት እንደሚቀመጥ ሁላችንም ሞክረን አቅቶናል።»

«ያቃታችሁ በቀኝ እጃችሁ ስለ ሞከራችሁት ነው» አለች ቀሚስ ሰፊዋ። «መጥታችሁ እዩት። ስፌቱ ወዴት ነው የሚያዘነብለው?»

ሽማግሌው መነጽሩን አደረገ። ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። የጋሽ ትከሻን ባለቤት ግራኝነት ድሮ የሚያውቅ ነውና ወደ ኋለኛው ረድፍ ዞረ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላው ዞረ። ከዚያም ረድፍ በረድፍ አዳራሹ በሙሉ።

ጥግ ላይ የጋሽ ትከሻ ባለቤት ግራ እጇን በቦርሳዋ ሥር ደብቃ ነበር። ሠላሳ ዓመት እንደ ደበቀችው። ሰዎቹ ሲያይዋት እጇን ቀስ ብላ አወጣችና በቦርሳው ላይ፣ ለሁሉም በሚታይበት አስቀመጠችው።

የጸሐፊው ብዕር በአየር ላይ ቀረ።

«እኔን አይዩኝ፣ ጋሼ» አለች ቀሚስ ሰፊዋ። «እኔ ስሜን በአፌ እናገራለሁ፤ ልጅዎም ተናግሮታል። እሳቸው ግን ሠላሳ ዓመት ‹የሰፊ ሚስት ነኝ› ሲሉ ኖረዋል። ቤትዎ ገብተው ለብቻቸው አይንገሯቸው። ማይክሮፎኑ እጅዎ ላይ ነው፤ ጸሐፊው ብዕሩን ይዟል፤ ማኅበርተኛው ሁሉ እዚህ ነው። እዚሁ፣ በሰው ፊት፣ ጮክ ብለው ይመልሱ፤ ይህን አንገት ማን ሰፋው?»